ሁለተኛዋ ጥፊ

በሕይወቴ ሰው በጥፊ የመታሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ እስትንፋስ፣ አንድ ሰው ላይ። የመጀመሪያዋን ለምን እንደመታሁ ያኔም አውቅ ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ሁለተኛዋ ነው። ስለ እሷ ለስንት ዓመት ሳስብ ኖርኩ፤ አሁን ማሰቡም ደክሞኛል፣ ጽፌው ልረፍ።

ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት፣ ከየካቲቱ ፍጅት በኋላ ያለው ዓመት ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ካዛንቺስ የምትሉት ሰፈር ያኔ የተቆፈረ መሬት፣ የድንጋይ ክምርና ያላለቀ ግድግዳ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ለሹማምንታቸውና ለጸሐፊዎቻቸው ቤት ይሠሩበታል። እኔ የቀን ሠራተኞቹ ስም ጠሪ ነኝ። ጠዋት መዝገብ ይዤ ስም እጠራለሁ፣ ማን ባሬላ እንደሚሸከም፣ ማን ድንጋይ እንደሚጠርብ እመድባለሁ፣ ካቦው ሲኞር ሬናቶ በጣሊያንኛ የጮኸውን እኔ በአማርኛ መልሼ እጮሃለሁ። ቋንቋውን ያገኘሁት ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። «ባንዳ ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን በየቀኑ ለራሴ «ባንዳ አይደለሁም፣ ጸሐፊ ነኝ» እል ነበር። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የዚያ ዓመት ድካም ለብቻው ነበር። ሰው ሬሳውን ቀብሮ፣ ሬሳውን ያላገኘውም ተስፋ ቆርጦ፣ ወደ ሥራው ተመልሷል። መንገድ ላይ ሰላምታ አጥሯል። «እንደምን አደርክ» ሲሉህ «ይመስገን» ብለህ ታልፋለህ፤ ከዚያ በላይ ለማውራት ጉልበት ያለው አልነበረም። እኔም ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የምተኛበት ቀን ብዙ ነው።

የምኖረው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ እትዬ አየለች የሚባሉ ጠላ ሻጭ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። አንድ ሰኞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገና ከበሩ ሳልደርስ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። መደቡ ላይ የተቀዳደደ ነጠላ የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ ሽማግሌ ተቀምጧል። ፊቱን ሳላየው፣ አቀማመጡን ብቻ አይቼ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር።

«ቀና በል፣ ወልዴ» አለኝ ድምፁ። «ከነገ ጀምሮ የምጎነበሰው እኔ ነኝ።»

ፊታውራሪ ጥላዬ ነበሩ። ጣሊያኖቹ የሚያፈላልጓቸው፣ ቢያዙ አንዲት ሌሊት የማያድሩ ሰው።

እኔ እሳቸው ቤት ነው ያደግሁት፤ ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ድረስ። ሥራዬ መቆም ነበር ብል አላጋነንኩም። ሲቀመጡ ከወንበራቸው በስተግራ ኋላ እቆማለሁ፣ ሲሄዱ ከግራ ኋላቸው እከተላለሁ፣ ሲበሉ አስታጥባለሁ። ከውጭ ሲገቡ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እሳቸው «በእግዜር» ሲሉ ደግሞ ተመልሶ ይቀመጣል። ፊደል ቶሎ እንደገባኝ ሲያዩ ለሚሲዮኖቹ የሰጡኝና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያለዚያ ዛሬ ብዕር አልይዝም ነበር።

እትዬ አየለች ነገሩን ባጭሩ ነገሩኝ። «ሐሙስ ማታ ከገብስ ነጋዴዎች ጋር ቀላቅሎ ወደ ዱር የሚወስዳቸው ሰው ይመጣል። እስከዚያ ቀን ቀን ቤት መዋል አይችሉም፤ ፍተሻው ቤት ለቤት ሆኗል። የሥራ ወረቀት የያዘ ኩሊ ግን ማንም አይነካውም። መዝገብህ ውስጥ አስገባቸው።»

«ድንጋይ ሊሸከሙ?»

«ገመድ አንገቴ ላይ ከሚገባ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ ይሁን» አሉ ፊታውራሪ። «ስሜ ደበበ ነው። ‹አንተ› በለኝ። ብትችል ስደበኝ።»

ከጓዳው ስንወጣ እትዬ አየለች ክንዴን ያዙ። «ወልዴ፣ ቂም የለህም አይደል? ሰው ቤት ያደገ ልጅ ሆዱ አይታወቅም።»

«ምን ቂም አለኝ፣ እትዬ? አባቴ ማለት ናቸው።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ይርዳህ።»

ይህን ስል እየዋሸሁ አልነበረም። ደረቴን ገልጣችሁ ብትፈልጉ ከምስጋና በቀር ምንም የምታገኙ አይመስለኝም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ ሁሉም ደኅና ሄደና እሳቸው ጋ ስደርስ መዝገቡን ደግሜ አየሁ።

«ደበበ!»

«አቤት» አሉ ከሰልፉ ጫፍ።

«ባሬላ!» አልኩና ቶሎ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ። ቀኑን ሙሉ እንደዚሁ ነበር ያወራኋቸው፤ «ድንጋይ!»፣ «ወዲያ!»፣ «ቶሎ!» ከአንድ ቃል በላይ ካወራሁ «እርስዎ» እንደሚያመልጠኝ አውቄዋለሁ።

እሳቸውም ቢሆኑ ከእኔ አይሻሉም። ምሳ ሰዓት ሠራተኛው ቆሎውን ከኪሱ እያወጣ ሲቆረጥም፣ ፊታውራሪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ውሃ እስኪፈስላቸው መጠበቃቸው ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረምሳ «ምን ልስጥህ፣ አባባ?» ብሎ ሳቀ። እጃቸውን ሰብስበው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ለካ ብድግ ብዬ ውሃ ፍለጋ ዓይኔን እያንከራተትኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባሬላ ተሸካሚ መጥቶ አማረረ። «ወልዴ፣ አዲሱን ሰውዬ ከጉልበተኛው ጋር አጣመርከው፣ ጥላ ያለበት ጎንም ሰጠኸው። እኔን ከዚህ ከሚያስለው ጋር ፀሐይ ላይ ታሰጣኛለህ። ዘመድህ ነው እንዴ?»

ዞሬ አየሁ። እውነቱን ነው። ስመድብ ግን ምንም አላሰብኩም ነበር፤ እጄ ዝም ብሎ «አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ» ያለ መስሎኝ ነበር። ወዲያው አቀያየርኳቸው። ሆዴ ሳያማክረኝ የሚሠራው ሥራ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ረቡዕ ባሰ።

ስለ ገረመው ልንገራችሁ። የጥበቃው አለቃ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ። ከጣሊያኖቹ ይልቅ የምንፈራው እሱን ነበር። ጣሊያን የኛ ሰው አጎነባበስና አካሄድ ምን እንደሚናገር አይገባውም። ገረመው ግን የአንድ ደጃዝማች አሽከር ሆኖ ያደገ ነው፤ ጌታና አሽከርን ከጀርባቸው አይቶ ይለያል። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ግቢውን አቋርጬ ስሄድ ድምፁን ከኋላዬ ሰማሁ።

«ጸሐፊው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ኩሊ መከተል የጀመርከው?»

ቀና ብዬ ሳይ ከፊታውራሪ በስተግራ፣ ሦስት እርምጃ ኋላ ነኝ። መዝገቡን እንደ ጌታ የዝንብ ጭራ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዣለሁ። ወዴት እየሄድኩ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሰነፍ ነው» አልኩ። «ዓይኔን ከሱ ላይ ካነሳሁ አይሠራም።»

«እንዲያ ነው?» አለ። ዓይኑን መጀመሪያ እሳቸው ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ምራቁን ተፋና ሄደ።

ማታ ለእትዬ አየለች «ነገ ብቀርስ? ታመምኩ ብል ይሻላል» አልኳቸው።

«ብትቀር ማን ስም ይጠራል? ሌላ ሰው መዝገቡን ሲያገላብጥ ‹ይሄ ደበበ የሚባለው ማን ያስገባው ነው?› ማለቱ ይቀራል? አንድ ቀን ናት፣ ልጄ፤ ቻላት።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩና ቆረጥኩ። እግሬም እጄም የማይታመኑ ከሆነ ነገ ከመቀመጫዬ አልነሳም። የምጽፈው ነገር ሞልቷል፤ ዳሱ ሥር ያለው ጣውላ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ እውላለሁ፣ ዓይኔንም ከመዝገቡ አላነሳም።

ሐሙስ እንዳሰብኩት አደረግሁ። ስም ጠርቼ እንደጨረስኩ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩና የሳምንቱን መዝገብ መገልበጥ ጀመርኩ። ሲኞር ሬናቶ ከጎኔ ጥርሱን ይዞ ያቃስታል፤ አንድ መንጋጋው ካበጠ ሰንብቷል። ገረመው የዳሱን ቋሚ ተደግፎ ጠመንጃውን ይወለውላል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። እስከ ማታ የቀረው ትንሽ ነው፤ ማታ ከገብስ ነጋዴዎች ጋር ይወጣሉ፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ እተኛለሁ። ይህን እያሰብኩ ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

መዝገቡ ላይ የሰው ጥላ ወደቀ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሁሉም ባንዴ ነው የሆነው። ጥላው ሲያርፍ እኔ ቆሜያለሁ። መዝገቡን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ሰብስቤ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ፊታውራሪ ጥላዬ ናቸው፤ ባሬላ ተሸካሚ ጓደኛቸው ውሃ ሊጠጣ ስለሄደ አንድ ድንጋይ ብቻቸውን ተሸክመው በዳሱ በኩል ሊያቋርጡ ነው። እኔ ስነሳ አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲነሳላቸው የሚሉትን አሉ።

«በእግዜር።»

ነፃ የሆነውን እጃቸውንም «ተቀመጥ» በሚል ወዝወዝ አደረጉት።

የገረመው ጨርቅ ጠመንጃው ላይ ቆመ።

«ምን አልክ አንተ?» አላቸው።

ፊታውራሪ ፊታቸው ዓመድ መሰለ። 

«አንተስ፣ ጸሐፊው? ለማነው የተነሳኸው?»

ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። ዓይኑ እጃቸው ላይ ነበር፤ የሦስት ቀን ድንጋይ የላጠው፣ ከሥሩ ግን ለስላሳ የሆነ እጅ። አሁን ቢነካቸው፣ መዳፋቸውን ቢገለብጥ አበቃ። ማታ የሚሰቀሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እኔም፣ እትዬ አየለችም ነን። የቆምኩበት ምክንያት ያስፈልገኛል። ሰው ከመቀመጫው ብድግ የሚለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለማክበር ወይም ለመማታት።

መታኋቸው። ድንጋዩ ከትከሻቸው ወደቀ።

«በእግዜር ትለኛለህ? ልመታህ ብነሳ ላንተ የተነሳሁ መሰለህ? በእኔ ላይ ታላግጣለህ?»

ገረመው ቆመ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኩሊው ጌታ መሆን አምሮታል እኮ!» አለ። «በእግዜር! ሰማኸው? በእግዜር!» ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ወደ ቋሚው ዞረ።

አለፈ። ዳንን። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር፤ ማለቁንም አውቄ ነበር።

እጄ እንደገና ተነሳች።

ሁለተኛዋ ጥፊ የመጀመሪያዋን አትመስልም። የመጀመሪያዋን ስመታ ድምፅ እንዲኖራት፣ ጉዳት እንዳይኖራት መጥኜ ነው። ሁለተኛዋን ማንም አልመጠናትም። ከወገቤ ነው የመጣችው። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ፣ ደም አገጫቸው ላይ ወረደ፣ እሳቸውም በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለቅጽበት ያህል እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሦስተኛም ልጨምር ነበር።

«ኧረ በቃ» አለ ገረመው፤ ባንዳው፣ ሰው የሚያሰቅለው ገረመው። «ሽማግሌ ነው፣ ተወው ይሥራ።»

ሲኞር ሬናቶ ጥርሱን እንደያዘ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ዋልጌ ነው አልኩት። እንዲሠራ ተወው አለኝ።

ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱ። ትከሻቸው ላይ አደላድለው ሲያበቁ አዩኝና «ይቅርታ፣ ጌታዬ» አሉ። ሄዱ።

ተቀመጥኩ። ብዕሩን ሳነሳ የቀለሙን ብልቃጥ ደፋሁት። ያኔ፣ መዝገቡ ላይ የፈሰሰውን ቀለም እያየሁ፣ እናቴ መጣችብኝ።

እናቴን እስካሁን አላነሳሁላችሁም። ያኔም እንደዚሁ ነበርኩ፤ አላነሳትም። ለሚጠይቀኝ «ሞታለች» እል ነበር፤ «ሞተች» ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም። እናቴ የዚያ ቤት እህል ፈጪ ነበረች። አንድ ቀን አንድ ቁና ዱቄት ጎደለ ተባለ። ፊታውራሪ ግቢው መሐል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ «ትውጣ» አሉ። እኔ በሰባት ዓመቴ ከወንበራቸው በስተግራ ኋላ ጭራቸውን ይዤ ቆሜያለሁ። «እዚያው ቁም» ተብዬ። እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ አየችኝ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

ይህን ነገር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ተወግቼ ረስቼ ነበር። እጄ ናት ያልረሳችው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ቂርቆስ ደረስኩ። እትዬ አየለች የፊታውራሪን ፊት በጨው ውሃ አጥበዋል፤ ከንፈራቸው አብጧል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተቀመጥ» አሉ። እሳቸው ፊት ተቀምጬ ስነጋገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«የመጀመሪያዋ ነፍሴን አዳነች» አሉ። «ጥፋቱ የኔም ነው፤ አፌ ከዳኝ። ሰው ሲነሳልኝ ዝም ማለት አልተማርኩም። ደረስክልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጌታዬ፣ እኔ…»

«ቆይ። ባንዳው እየሳቀ ነበር። አልፎ ነበር። ሁለተኛዋ ለማን ነበረች?»

ቁጣ አልነበረበትም አጠያየቃቸው። እንደደከመው ሰው ነበር የጠየቁኝ፤ ማወቅ ብቻ የፈለጉ ይመስላሉ።

«ለእናቴ» አልኩ። «በዱቄት አሳበው ያባረሯት። እኔን ከወንበርዎ ኋላ አቁመው፣ ዞራ እያየችኝ።»

 እትዬ አየለች በሩ ጋ ቆመው ወደ ውጭ እያዩ ነበር፤ ወሳጁ ሰው የሚመጣበት ሰዓት ነው።

«ዱቄቱን እሷ አልወሰደችውም» አሉ ፊታውራሪ። «ከወር በኋላ ሌላ ሰው ላይ ተገኘ። ላስመልሳት ይገባኝ ነበር። ጌታ ተሳሳትኩ ካለ ማን ይፈራዋል ብዬ ተውኩት። ይህ የኔ ኃጢአት ነው፤ ለዚህ ብትመታኝ አይቆጨኝም።» እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱ። «አንተን ግን በግድ አላስቀረሁህም፣ ወልዴ።»

«‹ቁም› አሉኝ።»

«ቁም ያልኩህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጠየቅሁህ። ‹ከእናትህ ጋር ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ትቀራለህ?› አልኩህ። ‹እቀራለሁ› አልክ። የሰማኸኝ አልመሰለኝምና ደግሜ ጠየቅሁህ። ‹እቀራለሁ፣ ጌታዬ› አልክ። ረሳኸው?»

ልክደው አፌን ከፈትኩ።  ድምፁን ሰማሁት፤ የራሴን፣ የልጅ ድምፅ፣ ጥርት ያለ፣ እንደተጠና ትምህርት። እናቴ ዞራ ያየችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የደበቅሁት የእሳቸውን ግፍ አልነበረም፤ የራሴን ቃል ነው። እሳቸው ላይ ያሳረፍኳት ጥፊ ለማን እንደነበረች ያኔ ገባኝ፤ አለቀስኩ።

ወሳጁ ሰው መጣ። ፊታውራሪ ተነስተው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ከበሩ ሳይወጡ ዞር ብለው «ሕፃን ልጅ በአደባባይ እንዲህ አይጠየቅም ነበር» አሉ። «ያኔ አላወቅሁም። ደኅና ሁን።»

ከገብስ ነጋዴዎቹ አህዮች ጋር ተደባልቀው ወረዱ። በሰላም ደረሱ፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሰው ብዙ ዓመት ኖሩ። አግኝቻቸው አውቃለሁ። ስለዚያ ቀን ግን አንዳችንም ዳግመኛ አላነሳንም።

እንግዲህ ምን ተለወጠብህ ትሉኛላችሁ። ለራሴ የምሰጠውን ምክንያት ማመን ተውኩ። ቀስ ብዬ የኖርኩትን መመርመር ጀመርኩ። ቂርቆስ ደጅ እየኖርኩ፣ «እናቴ ሞታለች» እያልኩ፣ አንድ ቀን ስሟን ለካህን ሰጥቼ አላስጠራሁም። ስንፍና ነው እል ነበር። ሁለት ጊዜ ላገባ ብዬ ሁለቱንም ጊዜ ትቼዋለሁ፤ አንደኛዋን ጮክ ብላ ትስቃለች ብዬ፣ ሌላዋን ቤተሰቦቿ ይበዛሉ ብዬ። ቆጥሬ ሳየው ሁለቱም እናታቸውን ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ጣሊያን ዘንድ ጸሐፊነት የገባሁትም ለእንጀራ ነው እል ነበር፤ ይህም እውነት ነው፣ ግን ልጅ ሳለሁ ከሚያበላኝ ጌታ ኋላ መቆምን የመረጠ እግር ነው እዚያም የወሰደኝ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እናንተም አንዳንድ ቀን የማይመጥን ቁጣ ከውስጣችሁ ሲወጣ፣ ወይም ያለ ምክንያት አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ስትሸሹ፣ ምክንያቱን ለመናገር አትቸኩሉ። ቶሎ የሚመጣው ምክንያት ብዙ ጊዜ መሸፈኛ ነው። ሁለተኛዋን ጥፊ ጠይቋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቡን አስረክቤ፣ የይለፍ ወረቀት ይዤ ወደ እናቴ አገር ወደ ቡልጋ ወረድኩ። በሕይወት መኖሯን አላውቅም። የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ሁለቱን ቀን የምለውን ሳጠና ሄድኩ። በሕይወት ነበረች። ወንድሟ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ብዙ ጊዜ ዳበሰችው። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ሲጠይቁኝ እቀራለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጇ ፊቴ ላይ ቆመ።

«እኔ አይደለሁ እንዴ በል ያልኩህ?» አለች። «ጠዋት ወፍጮው ሥር አስቀምጬህ። ‹ከጠየቁህ እቀራለሁ በል፣ እኔ ዘንድ የሚበላ የለም› ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኩህ። ከበሩ ዞሬ ያየሁህ እኮ በደንብ ስላልክልኝ ነው። ይህን ተሸክመህ ነው የኖርከው?»

ይህን አላስታውስም። ወፍጮውን አስታውሳለሁ፣ የዱቄቱን ሽታ አስታውሳለሁ፤ ያን ጠዋት ግን አላገኘሁትም። ከዚያ በኋላ እናቴ ዘጠኝ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረች፣ ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅኋት፣ አንድም ቀን ቃሏን አልለወጠችም። ልታሳርፈኝ ብላ የፈጠረችው ሊሆን ይችላል፤ እናት ናት፣ ትችላለች። እውነትም ሊሆን ይችላል። እኔ አምኜያታለሁ። ሌላ ምስክር የለኝም።